ሃያ አንደኛው ጎዝ

እስቲ ንገሩኝ፤ የምትመቀኛችሁ ጎረቤት በራችሁን አንኳኩታ «ጣሪያችሁ እየነደደ ነው» ብትላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ታያላችሁ ወይስ «ይቺ ድሮም ዓይኗ ደም የለበሰ ናት» ብላችሁ በሩን ፊቷ ላይ ትዘጋላችሁ?

እኔ የምሠራበት ሆስፒታል በሩን ዘግቷል። ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ የለም።

ምቀኝነቴን ሌላ ሰው ሹክ እስኪላችሁ አላስጠብቃችሁም፤ እኔው ልናገር። በታናሽ እህቴ እቀናለሁ። ዛሬ የጀመረኝም አይደለም። ልጆች ሳለን እናታችን የእሷን ፀጉር ስትሠራ ፀሐይዋ ከደጃፉ ተነሥታ ጓሮ ትደርሳለች። ተራው የኔ ሲሆን ማበጠሪያውን ታቀብለኝና «አንቺ እንኳ ራስሽ ትችያለሽ» ትለኛለች። ቻልኩ። ሁሉን ቻልኩ። ነርስ ሆንኩ፤ እሷም ዱካዬን ተከትላ ነርስ ሆነች። ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትመደብ መቆንጠጫ እንዴት እንደሚቀበል፣ መርፌ በየት በኩል እንደሚያዝ፣ ሐኪሙ መዳፉን ሲዘረጋ ሳይናገር ምን እንደፈለገ በጣቶቿ ላይ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ዓመት ቦታዬን ወሰደች።

ወሰደች ስል ሰርቃ አይደለም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሰጧት።

የሰጣት ዋናው ሰርጅን ነው። ጸጥታ የሚወድ ሰው ነው። «የኔ ክፍል ቤተ መጻሕፍት ነው» ይላል፤ ከመቀስ ድምፅና ከማሽኑ ትንፋሽ በቀር እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም እንዲሰማ አይፈልግም። የኔ ድምፅ ደግሞ ወፍራም ነው፤ ስናገር ግድግዳው ይመልሰዋል። ጡሩምባ ብሎ ስም አወጣልኝ። እህቴን ሐር አላት። አንድ ቀን ጓንቱን እያወለቀ «ከነገ ጀምሮ ሐር ከጎኔ ትቁም፣ ጡሩምባ ሰሌዳው ጋ ትሁን» አለ። በቃ፤ አሥራ አራት ዓመት የቆምኩበት ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሄደ።

ይህን ሥራ ለማታውቁት ላስረዳ። ቀዶ ሕክምና ላይ ሁለት ነርሶች አሉ። አንዷ ታጥባ፣ ንጹሕ ለብሳ ከሐኪሙ ጎን ትቆማለች፤ መሣሪያ ታቀብላለች። ሌላዋ ራቅ ብላ እሽግ ትከፍታለች፣ የገባውንና የወጣውን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ሆድ ሲከፈት ደሙን የሚጠጣው ትልቁ ጎዝ ነው፤ የእጅ ፎጣ የሚያክል፣ ዙሪያው የተቀመቀመ ጨርቅ። በአንድ ጠርዙ ሰማያዊ ክር ተጠልፎበታል። ራጅ ጨርቅ አያይም፤ ያንን ክር ግን ያያል። ጎዙ በሰው ሆድ ውስጥ ቢረሳ ክሩ ፊልሙ ላይ እንደ ነጭ ትል ይወጣል። ስለዚህ ሆድ ከመከፈቱ በፊት ይቆጠራል፣ ከመዘጋቱም በፊት ይቆጠራል። ሁለታችንም «ሞላ» ካላልን ክር አይቀርብም።

አሁን ወደ ነውራችን ልምጣ። ጎዙ ለጠባብ ቦታ ሲገዝፍ በመቀስ ለሁለት ይሰነጠቃል። ደንቡ ይከለክላል፤ እጅ ያደርገዋል። እኔም ከሐኪሙ ጎን በቆምኩበት ዘመን እቆርጥ ነበር። ነገር ግን በቆረጥኩ ቁጥር «ቆረጥኩ!» ብዬ እጮኻለሁ፣ ሰሌዳው ጋ ያለችው አንድ ትጨምራለች፤ ሃያ የነበረው ሃያ አንድ ይሆናል። ለእህቴ ያስተማርኳትም እንደዚሁ ነው፤ መቀሱንም ጩኸቱንም። መቀሱን ያዘች፣ ጩኸቱን ጣለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማን ይጮኻል? ትቆርጣለች፣ በጭንቅላቷ ትቆጥራለች፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ግማሾች አገጣጥማ እንደ አንድ ትጥላለች። ሰሌዳው ላይ ሃያ፣ በእጇም ሃያ። አንድም ቀን ጎድሎባት አያውቅም። ሰርጅኑም «የዚች ልጅ ቆጠራ እንደ ሰዓት ነው» እያለ ለእንግዳ ሐኪም ሁሉ ያስጎበኛታል።

ሰባት ወር አየኋት። ሰባት ወር አልተናገርኩም።

ለምን ትሉኛላችሁ። መልሱ አያምርም፤ ይኸውላችሁ። ድንጋይ ይዤ ነበር፣ በኪሴ። አንድ ቀን ጎድሎባት፣ በዚያ ጸጥታ መሐል ቆማ፣ ሐሯ ሲተረተር ማየት ፈልጌ ነበር። መሐላችን የሰው ሆድ ተከፍቶ እንደተኛ ጠፍቶኝ አይደለም። «ቆጠራው ላይ እይዛታለሁ፤ ሰው ሳይጎዳ እይዛታለሁ» ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ምቀኛ ከራሱ ጋር ለመስማማት ሽማግሌ አያስፈልገውም።

በዚህ መሐል የክፍሉ ኃላፊ በጡረታ ወጡ። አመለከትኩ፤ በዕድሜም በአገልግሎትም ቀዳሚዋ እኔ ነኝ። ለእህቴ ተባለ። ሰዉ በየኮሪደሩ እያስቆመ «እንኳን ደስ ያለሽ! የእህት ሹመት የራስ አይደል?» እያለ እጄን ይጨብጠኛል። የራስማ ከሆነ ቁልፉን ስጡኝ! እናቴ ደግሞ ለሚመጣ ለሚሄደው «ልጄ ተሾመች» ትላለች። ልጄ። እንደ አንድዬ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ልብስ ሰፊ ለቀዶ ሕክምና መጡ። ስልሳ የደረሱ፣ ቀጭን፣ ጣታቸው በመርፌ የጠነከረ ሰው ናቸው። አንጀታቸው ታጥፎ ሁለት ቀን አስመልሷቸዋል። የእጃቸውን መለያ ሳመሳክር ተንጠራርተው አዩኝ።

«እናንተም እንደኔ ሰፊዎች ናችሁ አሉ።»

«የኛ ስፌት ይለያል አባባ። ጠበበኝ ብሎ የሚመልስልን የለም።»

ሳቁና ሆዳቸውን ያዙ። «አታስቂኝ እቴ! ይልቅ ስሚኝ፤ እኔ ስፒሌን ሳልቆጥር ሱቄን ዘግቼ አላውቅም። አርባ ናቸው። አርባው ትራሷ ላይ ካልተሰኩ እራት የለም። አንድ ጊዜ አንዷን የሙሽራ ቀሚስ ውስጥ ረሳኋት። ሙሽሪት በተቀመጠች ቁጥር ‹እሪ› ስትል ዋለች፤ አማቷ ልጅቷ ታመመች ብላ ወደ ቤተሰቦቿ ልትመልሳት ነበር።»

«እኛም እንቆጥራለን አባባ።»

«ማነው የሚቆጥረው?»

«እኔ» አልኳቸው። እውነት ይሁን ውሸት፣ ያን ጊዜ አልለየሁትም።

ሃያ ጎዝ ከፍተን ጀመርን። ሰሌዳው ላይ ሃያ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ከአንጀቱ ጀርባ አንድ ደም ሥር ተቀደደ። ሰርጅኑ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ጎዝ… ጎዝ… አነስ ያለ» ይላል። የእህቴ መቀስ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። አንዱ ጎዝ በቁመቱ ለሁለት ሆነ፤ አንደኛው ግማሽ ሰማያዊ ክሩን ይዞ ሄደ፣ ሌላኛው እርቃኑን ቀረ። አየሁ። ማርከሩ በእጄ ነው። «ቆረጥኩ» እስክትል አፏን ጠበቅኩ። ምንም አላለች። እኔም ምንም አላልኩም። ሃያውን ሃያ አንድ ለማድረግ አንድ ጭረት ይበቃኝ ነበር።

ደሙ ቆመ። ቆጠራው ደረሰ። እህቴ እያንዳንዱን እያነሣች በለስላሳ ድምፅዋ ቆጠረች፦ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። የለም። ደሙ ሲያዋክባት በጭንቅላቷ የያዘችው ቁጥር ጠፍቶባታል፤ ሰሌዳው ሃያ ስለሚል ሃያ ላይ ስትደርስ ዐረፈች።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ድንጋጤ አልነበረም። ደስታ ነበር። ያዝኩሽ አልኩ በሆዴ። ከዚያ አርባዎቹ ስፒሎች ትዝ አሉኝ።

«ሞላ?» አለ ሰርጅኑ።

«ሞላ» አለች እህቴ።

ወደኔ ዞር እንኳ አላለም። የኔ «ሞላ» እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፤ መምታቱ አይቀርም ተብሎ ማንም አይሰማውም።

«አልሞላም!» አልኩ።

ማደንዘዣ ሰጪው ቀልድ ካላወራ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው። «ኧረ ጡሩምባ! በስንት ልመና ያስተኛኋቸውን ሰውዬ ልትቀሰቅሺብኝ ነው?»

«ሃያ አንድ መሆን አለበት። አንዱ ተቆርጧል።»

ሰርጅኑ ሰሌዳውን አየ። «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ስንት ይላል?»

«ሃያ ይላል።»

«በእጅሽ ስንት አለ፣ ሐር?»

«ሃያ።»

«ታዲያ ሒሳቡ የቱ ጋ ነው የከበደሽ?»

«ስትቆርጥ አይቻታለሁ ዶክተር!»

መርፌ መያዣውን እንደጨበጠ ወደ እህቴ ዞረ። «ሐርዬ፣ ቆርጠሻል?»

ከማስኩ በላይ ዓይኗ ወደኔ መጣ። የማውቀው ዓይን ነው። ልጅ ሳለች ብርጭቆ ሰብራ እኔ እንድሸከምላት የምትለምንበት ዓይን። ስንቱን ብርጭቆ ተሸክሜላታለሁ! በዚያች ቅጽበት ግን አልተሸከምኩላትም፤ ፍርጥም ብዬ መልሼ አየኋት።

«አልቆረጥኩም ዶክተር» አለች።

«የቤታችሁን ጣጣ ቤታችሁ ጨርሱ» አለ። «ክር።»

ሆዱ ተዘጋ። እኔ ግን አልጋው ሲንቀሳቀስ በሩ ላይ ቆምኩ። ራጅ ሳይነሡ ከዚህ አይወጡም አልኩ። ጮኽኩ፤ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። በመጨረሻ «ይነሣላት፣ አፏ ይዘጋ» አለ ሰርጅኑ። ተነሣ። ፊልሙ ላይ አጥንት አለ፣ ንፋስ አለ፤ ነጭ ትል የለም። ንጹሕ።

ማደንዘዣ ሰጪው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «እረፊ እቴ፤ ቅናት ዓይን ይሠራል ሲሉ አልሰማሽም?» አለኝ። ታውቃላችሁ? ለአንድ አፍታ አመንኩት። በቅናት የተቃጠለ ሰው የገዛ ዓይኑን አያምንም። መቀሱን ያየሁት ስለተንቀሳቀሰ ነው ወይስ እንዲንቀሳቀስ ስለፈለግሁ? ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ሰማያዊው ክር ትዝ አለኝ። ራጁ የሚያየው ክር ነው። ክር የሌለውን ግማሽ በምን ያየዋል?

ቆሻሻው ተሰብስቦ ወደሚቆምበት ክፍል ሮጥኩ። ከረጢቱን ፈትቼ ሃያውን ጎዝ መሬት ላይ አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። አሥራ ዘጠኙ ሙሉ ናቸው፤ አራቱም ጠርዛቸው ተቀምቅሟል። ሃያኛው ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ሰማያዊ ክር፣ በሌላው ወገን መቀስ የበላው ጥሬ ጠርዝ። ወንድሙ የለም። ከረጢቱን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩ፤ የለም።

ግማሹን በፕላስቲክ አሽጌ፣ ቀንና ሰዓት ጽፌበት ሜዲካል ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ማስረጃ ነው። ሌላኛው ግማሽ ሰውዬው ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ክር ስለሌለው ራጅ አያሳየውም። ሲቲ ስካን ይነሡ፣ ካልሆነም እንደገና ይከፈቱ።»

ፕላስቲኩን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ አደረገው። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለኃላፊነቱ አመልክተሽ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«የተመረጠችው እህትሽ ናት?»

«አዎ።»

«በቃ» አለ።

ይህችን «በቃ» ልብ በሉልኝ። ለምን እንደተናገርኩ ካወቀ ምን እንደተናገርኩ መስማት አላስፈለገውም። የደም ናሙና ያመጣውን ሰው ጠባይ አይተን ውጤቱን እንወስን ቢባል የሚስቅ ዳይሬክተር፣ የሰው ሕይወት ሲመጣ የነጋሪዋን ልብ መረመረ። ልቤ እንደሆነ ጥቁር ነው፤ አልካድኩም። ግማሹ ጎዝ ግን በልቤ ቀለም አልተቆረጠም!

በማግሥቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ «በእህትማማቾች መካከል ባለ የግል ቅናት የተነሣ የቀረበ መሠረተ ቢስ ክስ።» ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ አንሶላ መጋዘን ተዛወርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። አበው ሆድ ውስጥ የቀረ ጨርቅ አላዩም።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ልጄን ልታሳስሪያት ነው አሉ!»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ እማዬ?»

«አንቺማ ትችያለሽ። እሷ ትሰበራለች።» አሁንም ማበጠሪያውን አቀበለችኝ።

እህቴ ጓሮ ተቀምጣ የሥራ ጫማዋን ታጥባለች። ሥራ ቦታ «ሲስተር» ነው የምትለኝ፤ ቤት ስንገባ «እትዬ» ነኝ።

«ቆርጠሻል» አልኳት።

«ቆርጫለሁ።» ቀና አላለችም።

«ታዲያ ለምን ካድሽ?»

«‹ሐርዬ፣ ቆርጠሻል?› ሲለኝ አልሰማሽም? ጥያቄ መሰለሽ? መልሱን አብሮ ሰጥቶኝ እኮ ነው።»

«መጀመሪያውኑስ ለምን አልጮኽሽም? አስተምሬሽ የለም?»

ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ወረወረችው። «ጮኸሽ የት ደረስሽ? ሰሌዳው ጋ! እኔ የተማርኩት ከጩኸትሽ መሰለሽ? ከደረሰብሽ ነው የተማርኩት እትዬ!»

ብሩሹን ከባልዲው ላወጣ ጎንበስ አልኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስቆርጥ ያየሽኝ ማክሰኞ ብቻ ነው?»

«አይደለም።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሰባት ወር።»

«ሰባት ወር!» እጆቿ አረፋ እንደያዙ ተነሣች። «አንድ አልጋ ላይ እየተኛን! አንድ ቀን እንኳ፣ እዚሁ ጓሮ፣ ‹አንቺ ልጅ ይሄ ነገር ይቅርብሽ› ብትዪኝ ምን ነበር? ልትጠብቂያቸው አልነበረም። እስክወድቅ እየጠበቅሽ ነበር።»

እውነቷን ነበር። ብቻ «ነገ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ ሰውዬው ይሞታሉ» አልኳት።

«ራጁ ንጹሕ ነው። ሰኞ ሹመቴ ይነበባል።» ጫማዋን አንጠልጥላ ገባች።

የአንሶላ መጋዘን አንድ ጥቅም አለው፤ አንሶላ በየአልጋው ይገባል። ዓርብ ዕለት ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ጋ ስደርስ ልብስ ሰፊው ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። የትኩሳት ወረቀታቸው ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስምንት ይላል። ከሥሩ የተረኛው ሐኪም ጽሑፍ፦ «ራጅ ንጹሕ። የአንጀት ንፋስ። ይንቀሳቀሱ።»

«መጣሽ?» አሉኝ በቀጭን ድምፅ። «የኔ ልጅ፣ ቆጥረሻል?»

አንሶላውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩ።

«ውስጤን የሚጎትት ነገር አለ። ገበር ውስጥ እንደቀረ ስፒል። ልብስ ስትሰፊ ታውቂዋለሽ፣ ጨርቁ እንቢ ይላል።»

«አንድ ጎድሏል አባባ» አልኳቸው። የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ ሆዱ ደግሞ የእርሳቸው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መቀሱን፣ ሰባቱን ወር፣ ሁሉን።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ታዲያ ለምን አይፈልጉትም?»

«የተናገረችው ምቀኛ ናት ብለው ነው።»

«ምቀኛ ነሽ እንዴ?»

«ነኝ።»

«እኔ የጠፋችብኝን መርፌ ሁልጊዜ የምታገኝልኝ አንዲት የማልወዳት ጎረቤት አለችኝ። ስሕተቴን ስትፈልግ መርፌዬን ታገኛለች። እየረገምኩ አመሰግናታለሁ።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ሂጂና ንገሪያቸው እንግዲህ። ጮክ ብለሽ።»

ለተረኛው ሐኪም ነገርኩ፤ የሰርጅኑን ፊርማ አምጪ አለኝ። ሰርጅኑ ስልኩን ዘጋብኝ። ቅዳሜና እሑድ እንደዚሁ አለፉ። ሰኞ ጠዋት ትኩሳታቸው ሠላሳ ዘጠኝ ከግማሽ ነበር።

የሰኞ ጠዋት ስብሰባ በትልቁ አዳራሽ ነው፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪ፣ ጽዳት፣ ሁሉም ይመጣል። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ሆኖ የእህቴን ሹመት አነበበ። ተጨበጨበ። እህቴ ከፊት ወንበር፣ ከሰርጅኑ ጎን፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተሠርቷል፤ የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ከኋለኛው ረድፍ ሆኜ ሳያት እንደገና ቀናሁባት። በዚህ አፍ፣ በዚህ ልብ ነው የምትናገሪው? አልኩ ለራሴ። አዎ፣ በዚሁ! ሌላ ልብ እስካገኝ ሰውዬው አይጠብቁኝም።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እያጠፈ።

ቆምኩ። «እኔ አለኝ።»

«ሲስተር፣ ያንቺ ጉዳይ ተዘግቷል።»

«የተዘጋው ሆድ ነው!» አዳራሹ ድምፄን መለሰው። «ምቀኛ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ፣ እፈርማለሁ። በዚች ልጅ ሹመት ሆዴ ተቃጥሏል፤ ይጻፍ። ሰባት ወር እያየሁ ዝም ብያለሁ፤ ይህንንም ጻፉና ቅጡኝ። ግን ስለኔ የምትጽፉት ሁሉ አልቆ ስታበቁ፣ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ ግማሽ ጎዝ ሆዳቸው ውስጥ ያለ ሰው ይቀራሉ!»

«ጡሩምባ ተነፋ» አለ ማደንዘዣ ሰጪው። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ተቀመጪ!» አለ ዳይሬክተሩ። «እንደዚህ ዓይነት ስም ማጥፋት…»

«ቆረጥኩ።»

ማን እንደተናገረ መጀመሪያ አልታወቀም፤ ድምፁ በጣም ትንሽ ነበር። እህቴ ቆማለች። ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ቆረጥኩ» አለች ደግማ፣ አሁን ጮክ ብላ፤ ሰርጅኑ ከጎኗ እንደተወጋ ሰው ደነገጠ። «እትዬ እውነቷን ነው። ሃያ አንድ ነበር። የተመለሰው ሃያ ነው። ፈርቼ ነው የካድኩት።»

ከዚያ አንዷ ነርስ ከመሐል «እንዴት ያለች ጀግና ናት!» አለች። ሌላው «ይሄ ነው ሕሊና!» አለ። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ከዚያ ግማሹ አዳራሽ።

አያችሁ? ስድስት ቀን ሙሉ ጮኼ ምቀኛ፤ እሷ አንዲት ቃል ተናግራ ጀግና። እጇን የሚጨብጧት አሉ። ዕንባዋን የምትጠርግላት አለች። ማበጠሪያው እንደገና መዳፌ ላይ ተቀመጠ፤ ቀዝቃዛነቱ ተሰማኝ። ቅናቴ እንደዚያን ቀን ነዶ አያውቅም። እናንተ ደግሞ «እህቷ ስታግዛት ልቧ ራሰ» የሚል ነገር ከጠበቃችሁ አዝናለሁ። አልራሰም።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ ትልቅ ቅንነት ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጣርቶ…» ሰርጅኑ ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ በጎን በር ሊወጣ ነው።

ወንበር እየገፋሁ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ፤ በሩ ላይ ቀደምኩት።

«ኮሚቴ አልጠየቅኩም! ጭብጨባም አልጠየቅኩም! ለእሷ ያለኝን ከእሷ ጋር ቤቴ እጨርሰዋለሁ፤ እርስዎ ራስዎ አይደሉ የቤታችሁን ቤታችሁ ያሉን? ይሄ ግን የቤቴ አይደለም። የሰው ሆድ ነው፣ የዘጉት እርስዎ ነዎት። አርባ ስፒል ሳይቆጥሩ ሱቅ የማይዘጉ ሰው ናቸው፤ እኛ ግን ሃያ አንድ ጨርቅ መቁጠር አቅቶን ዘጋንባቸው። ቤተ መጻሕፍትዎ ውስጥ አይደለም፣ በስልክ አይደለም፣ በደብዳቤ አይደለም። እዚህ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱልኝ ዶክተር፦ ልብስ ሰፊውን ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቷቸው?»